በደረቅ ዓመት የቀረበ ገንፎ



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ገንፎ ነው። ይህ ለካህን የማይመጥን አርእስት መስሎ የሚታየው ቢኖር፥ የኢያኢሮስን ልጅ ነገር ያስታውስ። ጌታችን ልጅቱን ከሞት ካስነሣት በኋላ፥ በቤቱ ያሉት ሁሉ በመደነቅ ቆመው ሳሉ፥ እርሱ ግን የምትበላው ነገር እንዲሰጧት አዘዘ (ማር. 5፥43)። ከሞት የተነሣም ሰው ይርበዋልና። ይህን ያሰበ ጌታ ስለ ማድ ቤት ነገር ብንናገር አይቀየመንም።

ያደግሁት በነገሌ ቦረና ነው። አባቴ ወታደር ነበረ፤ እናቴ ደግሞ ከከምባታ ደጋ የመጣች ነበረች። በቆላው እንሰት ስለማይበቅል፥ ከዘመዶቿ ዘንድ መንገደኛ በመጣ ቁጥር ጥቂት ቡላ ይላክላት ነበር። ያንንም ቡላ ለክፉ ቀን ትደብቀዋለች። ክፉ ቀን ማለትም ከእኛ ከልጆቿ አንዱ ወባ ሲነሣበት፥ ወይም ጎረቤት ሴት ስትወልድ ነበር። ውሃውን ጨው ጣል አድርጋ ታፈላለች፤ በቀዝቃዛ ውሃ የተበጠበጠውን ቡላ ታፈስስበታለች፤ ከዚያም ክንዷ እስኪዝል ድረስ ታማስለዋለች። ነጭ የነበረው እየጠራ እንደ ሙጫ መሳብ ሲጀምር ወደ ሳህን ገልብጣ፥ መሐሉን ጎድጎድ አድርጋ ቅቤና በርበሬ ትሞላበታለች። ሌላ ጥበብ የለውም። ትኩሳት ያለበት ልጅ ከዳር እየቆረሰ ወደ መሐል ያጠቅሳል፤ ሳይጨርስም እንቅልፍ ይወስደዋል። ከዚያ ወዲህ በትምህርት ቤትም በቤተ ክህነትም ብዙ ማእድ ቀርቦልኛል፤ በታመምሁ ጊዜ የሚታወሰኝ ግን ያ ሳህን ነው።

ጎረቤታችን አንዲት የቦረና እናት ነበሩ። አንዳንድ ማለዳ ወተት በጎርፋ ይዘውልን ይመጣሉ። ጎርፋ ከዕፅ ጭረት ጥብቅ ተደርጎ የሚሠራ የወተት ዕቃ ነው፤ ወተቱ ከመጨመሩ በፊት መልካም ሽታ ያለው እንጨት ተቀጣጥሎ ውስጡ ይታጠናል። ጭሱ ወተቱን ቶሎ ከመበላሸት ይጠብቀዋል፥ ጣዕሙንም ይሰጠዋል። እናቴ ግን ይህን አልለመደችውም ነበርና፥ “ልጆቹ ጠግበዋል፥ እግዜር ይስጥልኝ” እያለች በጨዋ ደንብ ትመልሰው ነበር። እርሳቸው ከሄዱ በኋላም “ጭስ ጭስ ይላል” ትለናለች።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ጦሩ ተበተነ። አባታችን የት እንዳለ ሳናውቅ ወራት አለፉ፤ ደመወዝ ቀረ፤ ቡላም የሚያመጣ መንገደኛ ጠፋ። እናቴ የበቆሎ ዱቄት በጨው ብቻ ታገነፋልን ጀመር። ከዕለታት አንድ ቀን እኚያ ጎረቤታችን ጎርፋቸውን ይዘው ገቡ። ስለ አባታችን አንዳች አልጠየቁም፤ ወተቱን በገንፎአችን ላይ ራሳቸው አፈሰሱበትና እስክንጨርስ ድረስ ቁጭ ብለው ተመለከቱን። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች። ብዙ ዘመን ቆይታ እንደ ነገረችኝ፥ ያስለቀሳት ችግሩ አልነበረም፤ ያንን ጎርፋ ስንት ጊዜ እንደ መለሰችው ቆጥራ ነው።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ያደረግሁትን ደግሞ ልናዘዝላችሁ። ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በቦረና ምድር አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ እንደ ከሸፉ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በዚህ አገር የተከበረ እንግዳ የሚቀበሉት በቡና ቀላ ነው፤ ይኸውም ያልተፈለፈለው የቡና ፍሬ ጫፉ በጥርስ ተነክሶ በጋለ ቅቤ ውስጥ ሲንጣጣ፥ መዓዛው ቤቱን ሲሞላ፥ ሽማግሌ ሲመርቅ፥ ከወተትም ጋር ሲቀርብ ነው። ላም ከሌለ ወተት የለም፤ ወተት ከሌለ ቅቤ የለም፤ ቅቤ ከሌለም ቡናው አይታረድም፤ በኦሮምኛ ቀላ ማለት መታረድን ያመለክታልና። ስለዚህ ብዙ ቤቶች እንግዳን “ግባ” ማለት አፈሩ።

በ2014 ዓ.ም. ከነገሌ ራቅ ባለ አንድ መንደር እንዲህ ካለ ቤት ገባሁ። የቤቱ እመቤት በእርዳታ ከተሰጣት ዱቄት ገንፎ አገንፍታ፥ በቅቤው ስፍራ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጋ አቀረበችልኝ። ልጆቿ በበሩ ቆመው ያያሉ። እኔም፥ “በልቼ ነው የመጣሁት፥ ለልጆቹ ይሁን” አልሁ። ከጧት ጀምሮ ከሻይ በቀር አልቀመስሁም ነበር፤ ውሸቴንም እንደ ርኅራኄ ቆጠርሁት። እርሷ ሳህኑን አነሣችና እንዲህ አለችኝ፦ “አባ፥ ከብቱ ሄደ። እንግዳም ከሄደብን ምን ቀረን?” መርቄ ወጣሁ። መኪና ውስጥ ገብቼ ከኪሴ ቆሎ ሳወጣ ይህ ቃሏ የገንፎ ውስጥ ስንጥር ሆነብኝ፤ እስከ ዛሬም አልወጣም።

በዚያች ሌሊት የሰራጵታዋን መበለት ታሪክ (1ኛ ነገ. 17) እንደ አዲስ አነበብሁ። በዚያም ዘመን ሰማይ ተዘግቶ ነበር። ሴቲቱ የቀራትን አንድ እፍኝ ዱቄት ለልጇና ለራሷ ጋግራ ከዚያ በኋላ ለመሞት እንጨት ስትለቅም ነቢዩ ኤልያስ አገኛት። እኔ ብሆን ኖሮ በሌላ መንገድ ዞሬ ባለፍሁ ነበር። ኤልያስ ግን ለመናት፤ መጀመሪያ ውሃ፥ ቀጥሎም እንጀራ፤ እንዲያውም ለእርሱ አስቀድማ ትንሽ እንድትጋግርለት ጠየቃት። ብዙ ጊዜ የምንሰብከው ዱቄቱ አለማለቁን ነው። ተአምሩ ግን የመጣው የእግዚአብሔር ሰው ከድሃዪቱ እጅ ለመቀበል ካላፈረ በኋላ ነው። በእርሱ ፊት ሞትን የምትጠብቅ ሴት እንግዳ ተቀባይ ሆነች።

“ታዲያ ካህን የሕፃናትን ጉርሻ ይንጠቅ ወይ?” የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ኤልያስ የጠየቀው ትንሽ ነበረ፤ አንድ ጉርሻ ይበቃል። ጉርሻውን መቀበልም ዱቄቱን ከመሸከም አያድነንም፤ ሳይሸከሙ መጉረስ ነውር ነው። በመሥዋዕተ ቅዳሴ ጊዜ እግዚአብሔር ከእጃችን ጥቂት ኅብስትና ወይን ይቀበላል፤ ርቦት ነውን? እኛ የምንሰጠው ነገር እንዲኖረን ወድዶ ነው እንጂ።

ነገሌ በታሪክ መጽሐፍ የታወቀችው በምግብ ምክንያት መሆኑንም ልጨምር። በጥር 1966 ዓ.ም. በዚያ የሠፈሩት ወታደሮች ስለ ምግባቸውና ስለ ውሃቸው ብልሹነት አደሙ፤ ሊያነጋግራቸው የተላከውንም ጄኔራል ይዘው እነርሱ ከሚበሉትና ከሚጠጡት እንዲቀምስ አስገደዱት። አባቴ ወደዚያ የደረሰው ከዚህ በኋላ ቢሆንም፥ ነገሩን ከነባር ወታደሮች ሰምቶ ያወራልን ነበር። እነዚያ ሰዎች ያደረጉት በቁጣና በጠመንጃ ነው፤ አይመሰገንም። ነገር ግን ከላይ ከተላከው ሰው የፈለጉት ያች እናት ከእኔ የፈለገችውን ነበር፤ ማእዳቸውን እንዲቀምስላቸው። እርሷ በፍቅር ለመነችኝ፥ እኔም እንቢ አልሁ።

ካቴኪስቶች ሆይ፤ ጌታችን ሰባ ሁለቱን ሲልክ በገቡበት ቤት የቀረበላቸውን እንዲበሉ ያዘዘው (ሉቃ. 10፥7-8) ለስንቅ ብቻ አይምሰላችሁ። በጾም ቀን ወተት ቢቀርብላችሁ፥ ጾም መሆኑን በትሕትና ተናግራችሁ ውሃውን ወይም ቡናውን ለምኑ፤ ባዶ እጃችሁን ግን አትውጡ። የጥሬ ወተት ነገር የሚያሠጋችሁ ከሆነ አፍልታ እንድትሰጣችሁ መጠየቅ ነውር የለበትም፤ ለልጆቿም ትማርበታለች። “ጠግቤአለሁ” ማለት የምትችሉት በእውነት ከጠገባችሁ ብቻ ነው።

ዝናቡ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ከተመለሰ በኋላ ወደዚያ ቤት ሄድሁ። ላም ገና አልነበረም፤ ሁለት ፍየሎች ከደጅ ታስረዋል። ያች እናት ዱቄቱን ልታገነፋ ውሃ ጣደች፤ ማማሰያውንም እንደ ያዘች ወደ እኔ ዞር ብላ፥ “አባ፥ ዛሬስ በልተው ነው የመጡት?” አለችኝ።

“አልበላሁም” አልኋት፤ “ርቦኛል።”