እውነትና ፍቅር በምልምል ወታደር ደብዳቤ

ከጳውሎስ ሆስፒታል በዊንጌት በኩል ወደ አስኮ የሚወጣው መንገድ ቡራዩን አልፎ ሆለታ ይደርሳል። በዚህ አቅጣጫ ብዙ ወጣቶች ወደ ውትድርና ሥልጠና ሄደዋል። የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት የተከፈተው በ1927 ዓ.ም. ነበር፤ በ1969 ዓ.ም. ደግሞ ከየገጠሩ የተሰበሰቡ ሚሊሺያዎች በታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥነዋል። በ1975 ዓ.ም. የታወጀው የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት ሕግም ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆኑትን ለስድስት ወር ሥልጠናና ለሁለት ዓመት አገልግሎት ጠርቶ ነበር። የሰፈሩ ስም ራሱ የወታደር ስም ነው። በ1933 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በጎጃም በኩል የዘመተው እንግሊዛዊው መኮንን ኦርድ ዊንጌት በ1936 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ሲሞት፣ ልጁ ገና በእናቱ ማኅፀን ነበር። ከእያንዳንዱ ወታደር በስተኋላ የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ጥያቄ ይህ ነው፦ ልጅ በማሠልጠኛ ሳለ በቤቱ የደረሰውን ሐዘን ከእርሱ መሰወር ተገቢ ነውን? እርሱስ መከራውን ሸሽጎ «ደህና ነኝ» ቢል ይበደላልን?

የምልምል ወታደር ቀን የራሱ አይደለም። ጎህ ሳይቀድ በፊሽካ ይነሣል፤ ሰልፍ፣ ስም ጥሪ፣ ሩጫ፣ የመሣሪያ ትምህርትና የዘብ ተራ እየተከታተሉ ቀኑን ይወስዱበታል። ስልክ በሚከለከልበት ወይም በሚገደብበት በዚያ ኑሮ፣ ከቤቱ ጋር የሚገናኝበት ጊዜ እጅግ አጭር ነው። ቀድሞ በደብዳቤ፣ ዛሬም በስልክ፣ በዚያች አጭር ጊዜ የሚነገረው ቃል አንድ ነው፦ «ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ»፤ «እኛም ደህና ነን»። ልጁ የእግሩን ቁስል አያነሣም፤ እናቱም የአባቱን ሕመም፣ አንዳንዴም ሞቱን ትሸሽጋለች። ሁለቱም ይህን የሚያደርጉት ከፍቅር የተነሣ ነው።

ይሁን እንጂ ፍቅር ሁሉን ነገር ትክክል አያደርግም። ቅዱስ አውጎስጢኖስ ለበጎ ዓላማም ቢሆን መዋሸት እንደማይገባ አስተምሯል። ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስም ይህንኑ ሲያጸና፣ እውነትን በጥበብ መሰወር ከመዋሸት የተለየ መሆኑን አስረድቷል። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም፣ እውነት ሲጠየቅ ምን መመለስ እንደሚገባ በፍቅርና እውነትን በማክበር ሊወሰን እንደሚገባ፣ የማወቅ መብት ለሌለው ሰው መግለጥም ግዴታ እንዳልሆነ ያስተምራል።

በዚህ ሚዛን ስንመዝነው፣ ምልምሉ ድካሙን ሁሉ ለእናቱ ባይዘረዝር አልዋሸም። የአባት ሞት ግን ከዚህ የተለየ ነው። ልጅ ይህን የማወቅ መብት የለውም ሊል የሚደፍር ማን ነው? ዮሴፍ በግብፅ ራሱን ለወንድሞቹ በገለጠ ጊዜ አስቀድሞ የጠየቀው አባቱ በሕይወት መኖሩን ነበር። ለዚህ ጥያቄ የሐሰት መልስ የሚሰጥ፣ የልጁን ልብ የጠበቀ ቢመስለውም ሐዘኑን ሰርቆታል። ይልቁንም ጸሎቱን ሰርቆታል፤ ሰባተኛው ቀንና አርባው ሲያልፍ፣ ልጁ የሞተውን አባቱን በሕያዋን ጸሎት ያስበዋልና። እውነቱ በወጣ ጊዜም ከቤት የሚላከውን «ደህና ነን» ዳግመኛ ማመን ይቸግረዋል።

በእርግጥ እናቶች የሚያቀርቡት ምክንያት ቀላል አይደለም። «ጠመንጃ ይዞ ዘብ በሚቆምበት ሌሊት ብቻውን ቢሰማስ?» ይላሉ። ለዚህ መልሱ በአባቶቻችን የመርዶ ሥርዓት ውስጥ ይገኛል። መርዶ ነጋሪዎች ሐዘንተኛው ደጅ ማልደው የሚደርሱት፣ ሽማግሌና ዘመድ ይዘው የሚሄዱት፣ ሰው በሐዘኑ ብቻውን እንዳይሆን ነው። እስከዚያች ሰዓት ዝም ይላሉ፤ ዝምታቸው ግን ለመናገር የሚዘጋጁበት ነው። ወሬውን ለዘለዓለም ለመቅበር ዝም የሚል መርዶ ነጋሪ የለም።

ሳያውቁ መኖር ሐዘንን እንደማያስቀር ዘመናችን አሳይቶናል። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን በተነሣው ጦርነት በየወገኑ ልጆቻቸው የዘመቱባቸው ወላጆች ወሬ አጥተው ሰንብተዋል። በትግራይ ከጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ለወደቁት ተዋጊዎች ቤተሰቦች መርዶው በይፋ ተነግሮ የሦስት ቀን ሐዘን ታውጆ ነበር። ያን ያህል የዘገየ መርዶ በደጅ ዓይናቸውን ተክለው ለቆዩት እናቶች የጥበቃውን ዘመን አልመለሰላቸውም።

ስለዚህ ሐዘን የደረሰበት ቤተሰብ ሽማግሌዎችን ወደ ማሠልጠኛው አለቃ ይላክ፤ አለቃውም ልጁ ከዘብ ተራ የሚያርፍበትንና አጽናኝ የሚያገኝበትን ጊዜ ይምረጥ። ቆሞስ ወይም ካቴኪስት ከመልእክተኞቹ ጋር ሊሄድ ቢችል መልካም ነው፤ መሄድ ባይቻልም ከቁምስናው የጸሎት ቃል ይላክለት። ከስልክ ለሚያነጋግሩትም ምክራችን አጭር ነው፦ ልጁ በቀጥታ እስኪጠይቅ ድረስ ለጊዜው ዝም ማለት ይቻላል፤ በጠየቀ ጊዜ ግን «ደህና ነው» አይባል። ምልምሉም በበኩሉ የጸና ሕመም ሲያገኘው ለቤቱ ይናገር፤ የሚጸልዩለት የታመመውን እርሱን እንጂ «ደህና ነኝ» የሚለውን ቃሉን አይደለምና።

ውትድርና ከልጅ ብዙ ነገር ይጠይቃል፤ ጉልበቱን፣ ጊዜውን፣ አንዳንዴም ሕይወቱን። ከአባቱና ከእናቱ እውነት ግን ሊለየው አይገባም። አባትና እናትን የማክበር ትእዛዝ በማሠልጠኛ በር ላይ አይቀርም፤ የወላጆችም ግዴታ እንዲሁ።