ፊደሉስ ያንተ ነው?

ለመሆኑ ፈጠራ ምንድን ነው? «ቀድሞ ያልነበረን ነገር ማምጣት ነው» ቢባል ብዙዎቻችን ያለ ክርክር እንቀበላለን። እኔም በዩኒቨርሲቲ የተማርኩት፣ ከዚያም በኋላ በብዕሬ ስሟገትለት የኖርኩት ይህንኑ ነበር። ይህን እምነቴን ያናጉት አንዲት የሐረር እናት ናቸው።

ለሥራ ወደ ሐረር በሄድኩበት ጊዜ፣ ጀጎል ውስጥ አንዲት አረጋዊት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ስፌት ሲሰፉ አገኘኋቸው። ያለቀውን አንስቼ ዋጋውን ጠየቅሁ። ሲነግሩኝ ግን በዛብኝ። «እናቴ፣ ይህ እኮ ሣር ነው። ንድፉም ከአያቶችዎ የመጣ ነው፤ ምን አዲስ ነገር አለው?» አልኳቸው። ወስፌአቸውን አቁመው ሥራዬን ጠየቁኝ። ጋዜጠኛ መሆኔን ስነግራቸው ፈገግ ብለው «ታዲያ ልጄ፣ የምትጽፍበት ፊደልስ ያንተ ነው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ያሉኝን ከፍዬ ወጣሁ።

በማግስቱ ሐኪም ተራራ ላይ ሆኜ ከተማይቱን ቁልቁል ተመለከትኩ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት መሆኑ የሚነገርለት ግንብ፣ በውስጡም የታቀፋቸው ነባር ቤቶችና መስጊዶች ከዚያው ምድር ድንጋይና አፈር የተሠሩ ናቸው። በነባሮቹ ቤቶች ውስጥ መደቦቹ ቀይ ቀለም ተቀብተው፣ ግድግዳው በስፌት አጊጦ ይታያል። በ2006 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ጀጎል ውበቷን ከሩቅ አላስመጣችም፤ ልጆቿ በእጃቸው ያለውን በማስተዋል ሠሯት እንጂ።

ካለመኖር ወደ መኖር ማምጣት የአላህ (ሱ.ወ.) ብቻ ነው። የሰው ድርሻ የተሰጠውን ማየት፣ መምረጥና ማቀናጀት ነው። ቅዱስ ቁርኣንም ግመሉን፣ ሰማዩን፣ ተራራውንና ምድሩን እንድንመለከት የሚጋብዘን በከንቱ አይደለም። ንድፉ ከአያት የተወረሰ ቢሆንም የትኛው ቀለም ከየትኛው አጠገብ እንደሚውል፣ የቱ ጋ እንደሚበቃ የሚወስኑት ግን እኚያ እናት ናቸው። ይህ ማሰብ ካልሆነ ማሰብ ምንድን ነው?

ይህን ስል የቆየ ሁሉ መልካም ነው ማለቴ አይደለም። ሳያስተውል የአባቱን የሚደግም ሰው ቅርስ ጠባቂ ሊባል አይችልም። ሳያስተውል የባዕዱን የሚገለብጥም «ዘመናዊ» ስለተባለ ፈጣሪ አይሆንም። ሚዛኑ አዲስነት ሳይሆን ማስተዋል ነው።

ከሁሉ በላይ ያሳፈረኝ ግን የራሴ ጉዳይ ነው። ባለፈው ሳምንት የተባለውን በዚህ ሳምንት ቃላት ለውጬ ስጽፍ «የፈጠራ ሰው» ተብዬ ደመወዝ እቀበላለሁ። ቀናት የፈጀውን የእኚያን እናት ድካም ግን «ሣር ነው» ብዬ ዋጋ ልቀንስበት ሞከርኩ። የሰውን ሐሳብ ማቃለል ሐቁን መንካት መሆኑን ያን ቀን ተረዳሁ።

ዛሬ ያ ስፌት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ይጠይቀኛል፦ በእርግጥ አይተሃል ወይስ ገልብጠሃል? ውድ አንባቢ፣ ጥያቄው ላንተም ይድረስህ። ወላሁ አዕለም።