እምቢ ማለት ይችሉ ነበር ወይ?

ሃይፋ ውስጥ ክርያት ሐይም የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ተናዘዙ እንበል። የመጀመሪያው ኑዛዜ ቤታቸውን ለአምስት ልጆቻቸው እኩል ያካፍላል። ሁለተኛው ለበኩር ልጅ ያደላል። ሦስተኛው ሁሉንም አብራቸው ለምትኖረው ለታናሽቱ ይሰጣል። ሲሞቱ፣ ሐዘኑ ሳይወጣ ጠቡ ይጀምራል፤ የአባታችን ቃል የትኛው ነው?

በ1965 እ.ኤ.አ. የወጣው የእስራኤል የውርስ ሕግ መልሱ አጭር ነው፤ የኋለኛው ከፊተኛው በሚጋጭበት ሁሉ ይሽረዋል። አባት «ኑዛዜዬን አልለውጥም» ብሎ ቢፈርም እንኳ ውሉ አይጸናም። ሐሳብን የመለወጥ መብት ባለቤቱ ራሱ ሊሸጠው የማይችል መብት ነው።

ቃል በሽማግሌ ፊት ሲነገር እያዩ ላደጉ አባቶች ይህ እንግዳ ነገር ነው። ዓይኑ የፈዘዘው ይስሐቅ በፍየል ለምድ ተታሎ ያዕቆብን መረቀ፤ ዔሳው ቢያለቅስም ምርቃቱን አልሰረዘም። ምኒልክም በግንቦት 1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ ሲያደርጉ ቃላቸውን በእርግማን አስረውት ነበር። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ኢያሱ ሲሻሩ መኳንንቱን ከመሐላው ለመፍታት ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ አስፈለጉ።

ያዕቆብ ዛሬ ሃይፋ ፍርድ ቤት ቢቀርብ ጉድ ይፈላበት ነበር። የሕጉ አንቀጽ 35 በኑዛዜው ዝግጅት እጁን ያስገባ ሰው የሚያገኘውን ድርሻ ውድቅ ያደርጋል። ግን በእኛ ቤት እጁን ያላስገባ ማን አለ? በዘመቻ ሙሴ ወይም በዘመቻ ሰሎሞን ከኢትዮጵያ የመጡት፣ ዕብራይስጥ ያልያዙት አባት ባንክ የሚሄዱት ከልጅ ጋር ነው፤ የጤና መድኑ ክሊኒክ፣ ኩፓት ሖሊምም እንዲሁ፤ ጠበቃ ዘንድም እንዲሁ። በእጅ የሚጻፈው ኑዛዜ ከቀኑ እስከ ፊርማው በራስ እጅ መሆን ስላለበት ፊደል ላልቆጠረ ዝግ ነው። የሚቀርበው በሁለት ምስክሮች ፊት የሚፈረመው ነው። ጠበቃው በዕብራይስጥ ይጠይቃል፣ ልጅቱ ታስተረጉማለች፣ አባትየው «እሺ» ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ያ «እሺ» የማን ነው? (ጠንቃቃ ጠበቃ ልጅቱን ወደ ውጭ ልኮ ሌላ አስተርጓሚ ያስገባል፤ ሁሉም ግን ጠንቃቃ አይደለም።)

እኔ ከማንም ያልተነካ፣ ንጹሕ የራስ ፈቃድ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ማን ሾርባ እንዳመጣ፣ ማን መድኃኒት እንዳስታወሰ፣ ማን ለበዓል እንኳ እንዳልደወለ፣ ሐሳባችን የሚሠራው ከዚህ ነው። ለውለታ መክፈልና በውለታ መጠመድ ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ስለዚህ «ይህ በእውነት የእሳቸው ሐሳብ ነው?» ከሚለው ይልቅ «እምቢ ማለት ይችሉ ነበር?» የሚለው ይሻላል። እምቢ ቢሉ በማግስቱ ምሳ የሚያቀርብላቸው ሌላ ሰው ነበር? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1998 እ.ኤ.አ. በማሮም ጉዳይ አላግባብ የሆነ ተጽዕኖን ለመለየት ካስቀመጣቸው መመዘኛዎች አንዱ ተናዛዡ ከሌሎች ሰዎች ጋር የነበረው ግንኙነት ነው። ይህ መመዘኛ ትክክለኛ ነው እላለሁ፤ ግን ወዴት እንደሚወስደን ልብ ይሏል። አባታቸውን በአንዲት እጅ ላይ የጣሉት ያልመጡት ልጆች ናቸው። «እህታችን አስገድዳ አስፈረመቻቸው» ሲሉ አባታቸውን ከሌላው ሰው የለየውን ግድግዳ እነሱም አብረው ማቆማቸውን ይዘነጋሉ። እርግጥ ስልኩን የምትደብቅ፣ እንግዳ ሲመጣ «ተኝተዋል» የምትል ልጅም አለች፤ ያኔ ሦስተኛው ወረቀት ቢቀደድ አላዝንም።

ሁሉም እንደ እውነተኛው ቃል የሚቆጥሩት ያ የመጀመሪያው፣ እኩል ያካፈለው ኑዛዜስ? አምስቱም በየሰንበቱ በሚመጡበት ዘመን የተጻፈ ነው። አባትየው አንዱን ለይተው ቢያስበልጡ በቀጣዩ ሰንበት ከአራቱ ፊት ምን እንደሚጠብቃቸው ያውቁ ነበር። እዚያ ላይም «እሺ» ያሉት ሰው ብቻቸውን አልነበሩም።