ፊርማ እንደ ገንዘብ

በሰሜን አሜሪካ ከተሞች በየዓመቱ የሚካሄዱ የጥንታዊ ሳንቲሞች ትርኢቶች በስም ትርኢት ይባሉ እንጂ በተግባር ገበያዎች ናቸው። ከሁሉ ይበልጥ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1891 የተመሠረተው የአሜሪካ የሳንቲም ጥናት ማኅበር የሚያዘጋጀው ሲሆን፣ በአንድ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ነጋዴዎች ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ተቀምጠው በመስተዋት ሣጥን የሮማውያንን ዲናር፣ የስፓኝን ሪያል፣ የአሜሪካን የብር ዶላር፣ አልፎ አልፎም የአክሱም ነገሥታትን የወርቅ ሳንቲምና የኢትዮጵያ ሕዝብ ጠገራ ብር እያለ ሲገበያይበት የኖረውን የማርያ ቴሬዛ ታለር ዘርግተው ገዥ ይጠብቃሉ። ገዥና ሻጭ በዋጋ ተከራክረው ከተስማሙ በኋላ ገዥው የቼክ ደብተሩን ያወጣል፤ ገንዘቡን በአኃዝና በፊደል ይጽፋል፤ ይፈርማል፤ ወረቀቱንም ገንጥሎ ያቀርባል። ነጋዴው ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀው ሰው ከሆነ፣ በዚያች ቅጽበት ሰውዬውን ለመመዘን ይገደዳል።

ነገሩን አስገራሚ የሚያደርገው የሚሸጠው ዕቃ ራሱ ነው። ሳንቲም ካመጣቸው ጥቅሞች አንዱ ሰው የማያውቀውን ሰው ሳይመዝን ለመገበያየት መቻሉ ነበር። የብሩን ክብደትና ጥራት ያረጋገጠ ነጋዴ የከፋዩን አገር፣ ወገንና ጠባይ መጠየቅ አያስፈልገውም። በሐረር ወይም በጎንደር ገበያ ጠገራ ብር የሚቀበል ሰው የሚመረምረው የንግሥቲቱን ምስል፣ ይልቁንም በትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥና በራሷ ላይ የተደረደሩትን ዕንቁዎች ነበር። ምስሉ የተፋቀ ከሆነ ይመልሰዋል፤ የሚመለሰው ግን ብሩ እንጂ ሰውዬው አልነበረም። ክብደቱ 28 ግራም ያህል፣ ከዚህም ውስጥ ከ23 ግራም በላይ የሚሆነው ንጹሕ ብር የሆነው ይህ ሳንቲም ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ የሁለቱ ሰዎች ጉዳይ እዚያው ያበቃል። ለነገ የሚቀር ነገር የለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 በራሳቸው ምስል ብር ባስቀረፁ ጊዜ እንኳ ባላገሩ የለመዳትን ንግሥት ለብዙ ዘመን አልለቀቀም። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት ብቻ መቁጠር ስህተት ነው፤ ባላገሩ መርምሮ የሚያውቀውን ይዞ መቆየቱ ነበር።

ቼክ የዚህ ተቃራኒ ነው። ገንዘብ አይደለም፤ «ለዚህ ሰው ይህን ያህል ክፈል» ተብሎ ለባንክ የሚጻፍ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ የሚፈጸመው በአውጪው ሒሳብ ውስጥ ገንዘቡ ሲገኝ ነው። የኢትዮጵያ የሕግ ቋንቋ ይህን በባንክ ሆኖ ቼኩን የሚጠብቅ ገንዘብ «ስንቅ» ይለዋል፤ የታሰበበት ቃል ነው። መንገደኛ ስንቁን ሳይቋጥር ከቤቱ እንደማይወጣ ሁሉ፣ ቼክም ስንቁ ሳይዘጋጅ ከደብተሩ ሊገነጠል አይገባውም። ከተሜው ደግሞ ስንቅ የሌለውን «ደረቅ ቼክ» ብሎ ይጠራዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 693 በማታለል አሳብ እንዲህ ያለውን ቼክ የሚያወጣን ሰው እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል፤ በቸልተኝነት የፈጸመውንም በዝምታ አያልፍም። በአሜሪካ ክፍላተ ሀገር ግን ለወንጀል ክስ በአብዛኛው የማታለል አሳብ መኖሩ ሊረጋገጥ ይገባል። ከቴክሳስ የመጣ ነጋዴ በፍሎሪዳ አዳራሽ ለኦሃዮ ሰው የሸጠውን የ300 ዶላር ሳንቲም ዋጋ ፍለጋ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ቢዞር የሚያወጣው ወጪ ከሚያገኘው ይበልጣል። በዚያ ገበያ እውነተኛው ቅጣት ስም ነው፤ የደረቅ ቼክ ወሬ ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ ሰውዬውን ቀድሞ ይደርሳል።

ስለዚህ ነጋዴዎቹ ሕግ ያልጻፈውን ሥርዓት አበጅተዋል። የሚያውቁትን ደንበኛ ቼክ ያለ ጥያቄ ይቀበላሉ። የማያውቁትን «ከዚህ ቀደም ከማን ገዝተዋል?» ብለው ይጠይቃሉ። አንድ ስም ይጠራል፤ ሁለት ጠረጴዛ ተሻግሮ የተቀመጠ ነጋዴ አዎን በማለት ራሱን ይነቀንቃል፤ ቼኩም ይታለፋል። እቁብ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ሥርዓት እንግዳ አይለውም። ዕጣ ቀድሞ የወጣለት እቁብተኛ ገንዘቡን የሚረከበው ዋስ ጠርቶ ነው። ዋስ የሚጠየቀውም ክፉ ነው ተብሎ ተጠርጥሮ አይደለም፤ ሞትም፣ ኪሳራም፣ ስደትም ስላለ ነው። ልዩነቱ በእቁብ ዕጣ የወጣለት ሁሉ፣ ድሃም ሆነ ባለጠጋ፣ ዋስ የሚጠራ መሆኑ ነው። በሳንቲም አዳራሽ ግን ዋስ የሚጠየቀው እንግዳው ብቻ ነው።

እንግዲህ መታመን መብት ነውን? ማንም ሰው «ፊርማዬን የመቀበል ግዴታ አለብህ» ብሎ ነጋዴን ሊያስገድድ አይችልም። ከፊቱ ያለው ሣጥን የሠላሳ ዓመት ጥሪቱ ሊሆን ይችላል። እምቢታው በራሱ በደል አይደለም። በደል የሚሆነው እምቢታው የሚመረጥበት መንገድ ነው። ካርል ማርክስ ገና ወጣት ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1844 የጄምስ ሚልን የምጣኔ ሀብት መጽሐፍ ሲያነብ በጻፈው ማስታወሻ፣ በዱቤ ግንኙነት ውስጥ የወርቁንና የወረቀቱን ቦታ ሰው ራሱ እንደሚወስድ፣ ጠባዩና ኑሮው ሳይቀር የገንዘብ ዋጋ ወጥቶላቸው እንደሚመዘኑ አመልክቶ ነበር። በላይ ሲያዩት መተማመን የሚመስለው ነገር በውስጡ ጥርጣሬና ስሌት ነው፤ ድሃውም ከድህነቱ ሌላ የማይታመን ሰው ነህ የሚል ብይን ይጨመርበታል። በሳንቲም አዳራሽ የሚታየው ይህ ነው። ከረባት ያሰረው፣ ቋንቋው የቀና፣ የቆዳው ቀለም እንደ ነጋዴው የሆነ ሰው ቼኩ በፈገግታ ይወሰድለታል። የአነጋገር ዘዬው ከሩቅ አገር መምጣቱን የሚያሳብቅበት ሰው የመታወቂያ ወረቀቱ ሁለት ጊዜ ይገላበጣል። ይህ ደግሞ ከፍትሕም ውጭ ሆኖ ከብልሃትም ውጭ ነው። አታላይ ከረባቱን ሳያስር ወደ ገበያ አይወጣም።

ከዚህ የተሻለው መንገድ ለማያውቁት ሁሉ አንድ ደንብ ማቆም ነው፤ ቼኩን ተቀብሎ፣ ሳንቲሙን በገዥው ስም አስቀምጦ፣ ባንኩ መክፈሉ ሲረጋገጥ በፖስታ መላክ። ብዙዎች እንዲህ ያደርጋሉ። ይህ ደንብ ፊት አይለይም። ነገር ግን አደጋውን አያጠፋውም፤ ከሻጩ ትከሻ አንሥቶ በገዥው ትከሻ ላይ ያኖረዋል እንጂ። አሁን ቼኩንም ሳንቲሙንም የያዘው ነጋዴው ነው፤ ለእርሱስ ዋስ የሚሆነው ማን ነው? መረጋገጥ የሚለው ቃልም ቢሆን አሳሳች ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ባንኮች ገቢ የተደረገ ቼክን ገንዘብ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለባለሒሳቡ ክፍት እንዲያደርጉ ያዛል፤ ሆኖም ክፍት ሆነ ማለት አውጪው ባንክ ከፈለ ማለት አይደለምና፣ ቼኩ ከዚያም በኋላ ሊመለስ ይችላል። በዚህች ክፍተት የሚኖሩ ቀማኞች አሉ።

ከአታላዩ ይልቅ አስቸጋሪው ጥያቄ የቅን ሰው ነው። አንድ አስተማሪ ቅዳሜ ዕለት ለዓመታት ሲፈልገው የኖረውን ሳንቲም ያገኛል እንበል። በሒሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ የለም፤ ደመወዙ ግን ሰኞ ይገባል፤ ቼኩም ከማክሰኞ በፊት ባንክ እንደማይደርስ ያውቃል። ቢፈርም ዋሸን? ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ እንደማይመልስ እያወቀ «እመልሳለሁ» ብሎ የሚበደርን ሰው ምሳሌ አድርጎ፣ ይህ ልማድ ለሁሉ ሕግ ቢሆን ተስፋ መስጠት የሚባል ነገር ራሱ ትርጉም እንደሚያጣ አስረድቷል። አስተማሪው ግን እንደዚያ ሰው አይደለም፤ ለመክፈል አስቧል፤ መክፈያም አለው። ስለዚህ ብዙዎች ነገሩን ከጥፋት አይቆጥሩትም። የዘመኑ አሠራርም ለረዥም ጊዜ ረድቷቸው ነበር፤ ቼክ በአካል በአውሮፕላን ይጓዝ በነበረ ጊዜ በፊርማና በክፍያ መካከል ብዙ ቀን ነበረ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2001 አውሮፕላኖች ከበረራ ሲታገዱ ቼኮችም ባሉበት ቆሙ። ከዚያ ወዲህ በ2003 የወጣው፣ በ2004 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ የቼክ ምስል በወረቀቱ ፈንታ እንዲተላለፍ ስለፈቀደ ያ የቀናት ትርፍ ተመናመነ።

ይሁንና የቀኑ ማነስ ጥያቄውን አይመልሰውም። የአስተማሪው ጥፋት ያለው በአሳቡ ውስጥ አይደለም፤ በዝምታው ውስጥ ነው። ቼክ ሲፈርም የሚናገረው «ስንቁ አለ» ብሎ ነው፤ «ሰኞ ይኖራል» ብሎ አይደለም። ደመወዙ ቢዘገይ የሚጎዳው ያልተማከረው ነጋዴ ነው። «ቼኩን እስከ ረቡዕ አያስገቡት» ቢለው ኖሮ ያው ወረቀት፣ ያው ፊርማ፣ ያው ባዶ ሒሳብ ሆኖ ሳለ ውሸት አይኖርም ነበር፤ ነጋዴው ዓይኑ እያየ ዱቤ ሰጥቷልና። በኢትዮጵያም ወደፊት በሚመጣ ቀን የተጻፈን ቼክ ለዕዳ መያዣ አድርጎ መስጠት የተለመደ ነው። በ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ግን ቼክ እንደቀረበ የሚከፈል ነውና፣ ተቀባዩ ቃሉን አጥፎ ከቀኑ በፊት ቢያቀርበው አውጪው በእምነት የሰጠው ወረቀት ወደ ወህኒ ሊጎትተው ይችላል። የሁለቱ ሰዎች ቃል አንድ ነገር ይላል፤ ወረቀቱ ሌላ። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» እያለ ያደገ ኅብረተሰብ ቃሉን ከወረቀቱ በታች ማየቱ ቀላል ለውጥ አይደለም።

ቼክ ለገዥውም አንድ ሥልጣን ያስቀርለታል፤ ባንኩ እስኪከፍል ድረስ ክፍያውን ማሳገድ ይችላል። ሳንቲሙ ሐሰተኛ ሆኖ ካገኘውና ነጋዴው መልሶ አልወስድም ካለው፣ ማሳገዱ ራስን መከላከል ነው። ከአዳራሹ ወጥቶ ከሌላው ጠረጴዛ ተመሳሳዩን በርካሽ ስላየ ቢያሳግድ ግን በኪሱ ሳንቲም ይዞ የሸሸ ሰው ነው። በባንኩ ቅጽ ላይ ሁለቱ ድርጊቶች አንድ ዓይነት ናቸው።

ሐሰተኛ ሳንቲም ከተነሣ፣ ነጋዴው ራሱ የሚሰጠው ቃል ሊታሰብ ይገባል። ገዥው ወረቀት ሲሰጥ ነጋዴውም የሚሰጠው ብር ከምስሉ በላይ የሆነ ተስፋ ነው፤ «ይህ እውነተኛ ነው» የሚል። ጠገራ ብር ለዚህ ጥሩ አስተማሪ ነው። በላዩ የተጻፈው 1780 ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የተመቱት ሁሉ ይህንኑ ዓመት ይዘዋል። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሊወርር በተዘጋጀበት እ.ኤ.አ. በ1935 የመምቻውን ቅርጽ ከቪየና አስወስዶ በሮም አስመተው፤ ለንደንም ብዙ ሳይቆይ ተከተለች። በብርነቱ የሮሙም የለንደኑም አልዋሸም፤ በዓመተ ምሕረቱ ግን ሁሉም ዋሽተዋል። በገበያ ላይ ለነበረው ባላገር ይህ ምንም አልነበረም። ለሰብሳቢው ግን የዋጋው ጉዳይ ሁሉ እዚያ ላይ ነው፤ ልዩነቱን የሚያውቀውም አብዛኛውን ጊዜ ሻጩ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1986 እና ከ1987 ጀምሮ ሳንቲምን መርምረው ደረጃ በመስጠት በፕላስቲክ የሚያሽጉ ድርጅቶች ከተነሡ ወዲህ፣ ብዙው ገዥ የነጋዴውን ፊት ማየት ትቶ ማሸጊያውን ያነባል። የገዥን ፊርማ አልቀበልም የሚል ነጋዴ የእርሱም ቃል በፕላስቲክ መተካቱን ሲያማርር ይሰማል።

አንድ ነገር ይቀራል። ቼክ ስም ይይዛል። ከ10,000 ዶላር በላይ በጥሬ ገንዘብ የተቀበለ ነጋዴ ለአሜሪካ መንግሥት ማስታወቅ ሲኖርበት፣ ከገዥው የራሱ ሒሳብ የወጣ ቼክ ከዚህ አይቆጠርም፤ ዱካው በባንክ ስላለ ነው። የገዥው ስም እንዲህ በጥንቃቄ ሲመዘገብ፣ የሳንቲሙ ዱካስ? ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ አክሱም ያስመታቻቸው ሳንቲሞች ከመሬት የሚወጡት በትግራይና በኤርትራ ምድር፣ በቀይ ባሕር ማዶም በየመን ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የቅርስ አዋጅ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ሆኖም ከመስተዋቱ ሥር ያለች አንዲት የወርቅ ሳንቲም በየት በኩል፣ በማን እጅ እንደመጣች የሚናገር ወረቀት ብዙ ጊዜ የላትም። ገዥው የመንጃ ፈቃዱን ያሳያል፤ ሻጩ የሳንቲሟን መታወቂያ አይጠየቅም። ይህ ሚዛን የተዛባ ነው፤ ሊስተካከል የሚገባውም ገዥውን በበለጠ በመፈተሽ አይደለም።

በአሜሪካ በዓመት የሚጻፈው ቼክ እ.ኤ.አ. በ2000 ከ40 ቢሊዮን በላይ ነበር፤ በ2021 ወደ 11 ቢሊዮን ገደማ ወርዷል። በዚያው ዓመት በኢትዮጵያ ቴሌብር ሥራ ጀምሮ ቼክ በእጁ ይዞ የማያውቅ ሕዝብ በስልክ ይከፍል ጀመር። በስልክ የተከፈለ ወዲያው ይደርሳል፤ እንደ ጠገራ ብርም ከፋዩን አያስመዝንም፤ ለእንግዳው ሰው ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው። በሳንቲም አዳራሾች ግን ቼክ አልጠፋም። ካርድ ከየመቶው ሁለትና ሦስት ዶላር ስለሚያስቀንስባቸው ነጋዴዎቹ ለትልቅ ግዢ ቼክን ይመርጣሉ፤ በጀርባውም የገዥውን ስልክና የመንጃ ፈቃድ ቁጥር ይጽፋሉ። ለታወቀ ደንበኛ ሲሆን ጀርባውን ባዶውን ይተዉታል።