በከተማ መካከል ስላለ ዐፀድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ጌታችንና መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ የሕማሙ ጊዜ በቀረበበት በመጨረሻው ሳምንት ቀኑን በመቅደስ ሲያስተምር ይውል እንደ ነበር፥ ሲመሽ ግን ከከተማ እየወጣ በደብረ ዘይት ያድር እንደ ነበር ቅዱስ ሉቃስ በወንጌሉ በ21ኛው ምዕራፍ ጽፎልናል። ቅዱስ ዮሐንስም በ18ኛው ምዕራፍ ይህንኑ ነገር በሌላ አኳኋን ያስረዳናል፤ ይኸውም ከቄድሮን ፈፋ ማዶ የአትክልት ስፍራ እንደ ነበረ፥ ጌታችንም ደቀ መዛሙርቱን ይዞ ወደዚያ መሄድን ያዘወትር ስለ ነበር አሳልፎ የሰጠው ይሁዳ ስንኳ ስፍራውን በሚገባ ያውቀው እንደ ነበር ነው።

ይህን ታሪክ ስናነብ ልባችን ፈጥኖ የሚሄደው ወደ ይሁዳ ክሕደት ነው፤ መሄዱም ተገቢ ነው። ነገር ግን ክቡራን አንባብያን ሆይ፥ ዛሬ ጥቂት ቆም ብለን ስለዚያ ስለ ልማዱ እናስብ። ኢየሩሳሌም በዚያ ሳምንት ለፋሲካ በዓል ከየአገሩ በመጣ ሕዝብ ተጨናንቃ ነበር፤ መንገዱ በሰውና በከብት ተሞልቷል፥ ቤቱ ሁሉ በእንግዳ ተይዟል፥ በመቅደሱ ዙሪያ የሻጭና የለዋጭ ድምፅ አይቋረጥም ነበር። ከዚህ ሁሉ ወጥቶ አንዲት ፈፋ ብቻ የተሻገረ ሰው ወይራ ከተተከለበት ስፍራ ይደርሳል። ጌቴሴማኒ ማለትም የዘይት መጭመቂያ ማለት ነውና ስፍራው የሥራ ቦታ እንጂ ለክብር የተዘጋጀ አልነበረም። ደግሞም ሩቅ አልነበረም፤ በእግር ጥቂት የሚያስኬድ ነበር። ጌታችን አርባ ቀንና አርባ ሌሊት በጾመ ጊዜ ወደ ምድረ በዳ መሄዱን እናውቃለን። በከተማ መካከል በዋለባቸው ቀናት ግን በቅርብ ያለውን ዐፀድ መረጠ። እንግዲህ ወደ ደብረ ሊባኖስ ወይም ወደ ዋልድባ ለመሄድ ጊዜና አቅም የሌለን እኛ የከተማ ሰዎች ምክንያት የምናቀርብበት ነገር ቀረብን።

ለምክር ወደ እኛ ከሚመጡት ምእመናን ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ነገር ይናገራሉ። ለጸሎት ቆመው ሳሉ ሐሳባቸው ገበያ ይወርዳል፤ ከአበዳሪ ጋር ይከራከራል፤ ከታክሲ ረዳት ጋር ይጣላል። ይህም የሚያስደንቅ አይደለም። በአዲስ አበባ ሰው ከንጋት ጀምሮ የሚሰማው የመኪና ጡሩምባ፥ የሕንፃ ሥራ መዶሻና የነጋዴ ድምፅ ማጉያ ነው። (በድምፅ ማጉያ ነገር እኛም ካህናት ከወቀሳ እንደማናመልጥ እናውቃለን፤ ጎረቤቶቻችን በትሕትና ዝም ቢሉንም።) ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ደግሞ በኪሳችን የምንይዘው ስልክ ነው፤ የውጭውን ጩኸት በር ዘግተን ልናስቀረው እንችላለን፥ ይህንን ግን አብረነው እንተኛለን። እንዲህ ላለው ሰው ዘወትር የምንመክረው አንድ ነገር ነው፤ ጸሎቱን ከመጨመሩ በፊት ዝም ወደሚባልበት ስፍራ ሄዶ ጥቂት እንዲቀመጥ ነው።

አባቶቻችን ይህንን በቋንቋቸው ሳይቀር አስቀምጠውልናል። ገዳም የሚለው የግእዝ ቃል መነኮሳት የሚኖሩበት ስፍራ ስም ከመሆኑ አስቀድሞ ሰው ያልሰፈረበትን ዱርና ሜዳ ያመለክታል። ዐፀድ ማለትም የታጠረ የአትክልት ስፍራ ማለት ነው፤ የወይን ቦታውም ዐፀደ ወይን ይባላል። ቤተ ክርስቲያን የቆመችበትን ግቢ ዐፀደ ቤተ ክርስቲያን ብለን ስንጠራ እንግዲህ የአትክልት ስፍራ ብለን መጥራታችን ነው፤ በሕይወት ያለውን ሰው በዐፀደ ሥጋ፥ ያረፈውንም በዐፀደ ነፍስ እንላለን። አዳም ያበጃትና ይጠብቃት ዘንድ በገነት ተቀመጠ፥ በበደለም ጊዜ ከገነት ወጣ። ጌታችን ግን በአትክልት ስፍራ ተያዘ፤ በተሰቀለበትም አጠገብ ባለ የአትክልት ስፍራ በአዲስ መቃብር ተቀበረ፤ በተነሣ ጊዜም ማርያም መግደላዊት አትክልተኛው መሰላት። ይህቺ ሴት ተሳሳተች ብለን እንተርካለን እንጂ ስሕተቷ ምን ያህል ለእውነት የቀረበ እንደ ነበረ ብዙ አናስብም።

ወደ ከተማችን እንመለስ። የእንጦጦን ተራራ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነው። ከተማይቱ ከተራራው ሥር ከተቈረቈረች ከ1879 ዓ.ም. በኋላ ሕዝቡ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ በዙሪያው ያለውን ጽድና ወይራ እየቈረጠ ጨረሰው፤ እንጨት እጅግ ከመታጣቱ የተነሣ ንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማቸውን ወደ ምዕራብ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። በዚያ የተሠራው ቤተ መንግሥትም ኋላ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከተማይቱን ያዳናት ከአውስትራልያ ምድር የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ፈጥኖ ያድጋል፥ ቢቈረጥም ከጉቶው ዳግመኛ ያቈጠቍጣል። ባሕር ዛፍን ብዙ ሰው ሲነቅፈው እንሰማለን፤ ውሃ ይመጥጣል፥ ከሥሩም ሣር አያበቅልም ይሉታል፤ ነቀፋውም ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ ለአንድ መቶ ዓመት ያህል የድኻውን ምጣድ ያሞቀው እርሱ መሆኑን መርሳት ውለታ ቢስነት ይሆናል። ለብዙ ዘመን እናቶቻችንና እኅቶቻችን ከራሳቸው የሚከብድ እንጨትና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው፥ ወገባቸው ጐብጦ ከእንጦጦ ሲወርዱ በዐይናችን አይተናል። ለእነርሱ ያ ደን ዕረፍት አልነበረም። በጥላው ልንቀመጥ ስንወጣ ይህን ማሰብ ይገባናል።

ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ ሁሉ በአንድ ፊት አልሄደም። ከከተማይቱ ወደ ሰሜን ምዕራብ ከ700 ሄክታር በላይ የሆነ መሬት ለጉለሌ የዕፅዋት ማእከል ተከልሎ፥ በባሕር ዛፉ ፈንታ የአገራችን ዛፎች፥ ጽዱ፥ ወይራው፥ ዝግባውና ኮሶው እንዲመለሱ ሲደከም ቈይቷል። በ2013 ዓ.ም.ም በእንጦጦ ተራራ ላይ መናፈሻ ተከፍቶ ሕዝብ ይጐበኘዋል። በባሕር ማዶ በዋሽንግተን የሚኖሩ ወገኖቻችንም በከተማዋ መካከል ሮክ ክሪክ የሚባል ደን አላቸው፤ እርሱም በ1890 እ.ኤ.አ. በሕግ ተደንግጎ የተከለለ ሲሆን ስፋቱ ከጉለሌው ጋር የሚቀራረብ ነው። ያ ሁሉ መሬት ለቤት ሥራ ቢሸጥ ምን ያህል ገንዘብ ባወጣ ነበር! አንድ ከተማ ከዚህ ያህል ጥቅም እጁን ሰብስቦ ዛፉን መተዉ እንደ ጾም የሚቈጠር ነው እንላለን።

ወደ እንደዚህ ያለው ስፍራ የሚሄድ ምእመን ግን እንዴት ይሂድ? ብዙ ሰው ወደ መናፈሻ የሚሄደው ጩኸቱን አስከትሎ ነው፤ ሙዚቃውን ይዞ ይገባል፥ ፎቶግራፉን ተነሥቶ ይወጣል፥ የፕላስቲክ ጠርሙሱን ጥሎ ይመለሳል። በዚህ በእጅጉ ልንቈጣ አንወድም፤ ሠርገኛ ደስ ቢለው፥ ሕፃናትም ቢሮጡ ክፋት የለበትም። ዕረፍት ፈልጎ የሚሄድ ሰው ግን ማልዶ ይሂድ፤ ጌታችንም ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ወደ ምድረ በዳ ለጸሎት ይሄድ እንደ ነበር ማርቆስ በመጀመሪያው ምዕራፍ ይናገራል። ስልኩን ዘግቶ ይቀመጥ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት መልካም እንደማይሆንለት አስቀድመን እንነግረዋለን፤ ጸጥታ ያላስለመደው ሰው ጸጥታ ሲያገኝ ይጨንቀዋል፥ የተወው ነገር ሁሉ ይታወሰዋል፥ ተነሥ ተነሥ ይለዋል። ኤልያስም በክትክታ ዛፍ ሥር በተቀመጠ ጊዜ መጀመሪያ የለመነው ሞትን ነበር፤ ከዚያ በኋላ ተኛ፥ መልአኩም ቀስቅሶ እንጀራ አበላው። ዝም ያለውን ቀጭን ድምፅ የሰማው ከብዙ ቀን ጕዞ በኋላ ነው። ይስሐቅ ደግሞ ወደ ማታ በልቡ እያሰላሰለ በሜዳ ሲመላለስ ዐይኑን ቢያነሣ የርብቃን ግመሎች አየ። ሁሉ ሰው እንደ ይስሐቅ የሚሆንለት አይደለም፤ ይሁን እንጂ ሳይወጣ ያየ የለም።

አንዳንድ ጥንቁቃን ሰዎች ይህን ስንናገር ፊታቸውን ያጠቍራሉ፤ እንዲህም ይሉናል፦ ቤተ ክርስቲያን ለዛፍ ቅቤ መቀባትን፥ አድባር ማምለክን ስትከለክል ኖራ ሳለ እናንተ ደግሞ ሰውን ወደ ዛፍ ሥር ትልካላችሁን? ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ በገጠር ያደግን ሁሉ ለዛፍ ሲሰገድ ያየን ነንና። ነገር ግን አባታችን አብርሃም በቤርሳቤህ ዛፍ ተከለ፥ በዚያም የዘለዓለሙን አምላክ ስም ጠራ፤ የዛፉን ስም አልጠራም። በመምሬ ዛፍ አጠገብም ሦስቱን እንግዶች ተቀበለ፤ ከዛፉ በታች አሳረፋቸው እንጂ ለዛፉ አልሠዋም። አባቶቻችን በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለውን ደን ጠብቀው ያቈዩት በዚህ መንገድ ነው። ዛሬ በደቡብ ጎንደር ዙሪያውን የታረሰው ምድር ተራቍቶ ሳለ፥ በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያኑን ከብቦ እንደ አረንጓዴ ደሴት የቆመው ደን የአገሩ የጥንት ዛፎች፥ አዕዋፍና ንቦች መጠጊያ ሆኗል። እንደ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ያሉ የደን ሊቃውንት ይህን አጥንተው ለዓለም አስታውቀዋል፤ ካህናቱና ሕዝቡም ከብት እንዳይገባበት ድንጋይ ክበው አጥረውታል።

እዚህ ላይ የራሳችንን በደል ሳንናገር ብናልፍ ግብዞች እንሆናለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምናገለግልበት አጥቢያ፥ በመንገዱ ዳር በዐፀዱ ጥግ ላይ ሁለት ጽድና አንድ ትልቅ ወይራ ነበሩ። የአገልጋዮች ደመወዝ ጐድሎ ስለ ነበር በዚያ ሥፍራ የሚከራይ ሱቅ እንዲሠራ በሰበካ ጉባኤ ሐሳብ ቀረበ። እኛም በጉባኤው ተቀምጠን ነበር፤ ተቃውሞም አላቀረብንም፥ እንዲያውም በቃለ ጉባኤው ላይ ፈረምን። ኦሪት ዘዳግም በ20ኛው ምዕራፍ፥ ሰው የጠላትን ከተማ ከብቦ ሲዋጋ ስንኳ ፍሬ የሚሰጠውን ዛፍ በምሳር እንዳይቈርጥ እንደምታዝ አላስታወስንም፤ ብናስታውስም ወይራው ፍሬው የማይበላ ነው ብለን ራሳችንን ባጽናናን ነበር። ዛፎቹ በአንድ ቀን በመጋዝ ወደቁ። ሱቆቹ ተሠሩ፥ ኪራዩም ይገባል፥ ደመወዙም ይከፈላል፤ ይህን አንክድም፤ የካህናት ልጆች ዳቦ የሚበሉበት ገንዘብ ነውና ቀላል ነገር አይደለም።

ነገር ግን በዚያ ወይራ ሥር አንዲት አሮጊት እናት ከቅዳሴ በኋላ ሁልጊዜ ይቀመጡ ነበር። ልጃቸውን ከቀበሩ ወዲህ ቤታቸው ሰው የበዛበት፥ ጩኸትም የማያጣው የኪራይ ግቢ ስለ ሆነ የሚያለቅሱበት ስፍራ አጥተው፥ ያን ጥላ ለዚሁ እንደ መረጡት የተረዳነው ዛፉ ከወደቀ በኋላ ነው። ከመቈረጡ በፊት የጠየቃቸው ሰው አልነበረም፤ እርሳቸውም አንድ ቃል አልተናገሩም። ከዚያ ወዲህ ከቅዳሴ በኋላ በግንቡ አጠገብ በፀሐይ ቆመው ጥቂት ይቈያሉ፥ ከዚያም ይሄዳሉ።

ባለፈው ክረምት ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች ጋር ሆነን ከቤተ ልሔሙ ጀርባ አሥራ ሁለት የወይራና የጽድ ችግኞች ተከልን። እኒያ እናት መጥተው አንዱን ችግኝ ጐንበስ ብለው ካዩ በኋላ፥ «አባቴ፥ ይህ ጥላ የሚሆነው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁን።

«ወይራ አዝጋሚ ነው፥ እናቴ፤ ለልጅ ልጆችዎ ይደርሳል» አልናቸው። ቃሉ ከአፋችን ከወጣ በኋላ የምንናገረውን ጠፋን፤ ያንድ ልጅ እናት እንደ ነበሩ ረስተን ነበርና።

እርሳቸው ግን አልተቀየሙም። «እንግዲያውስ በበጋ ውሃ እንዳታስቀሩበት» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ግንቡ አጠገብ ሄዱ።