ያልተናገርሽው ነው ያደከመሽ

ልጄ፣ መልእክትሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ወደ ምክር ክፍልሽ የሚመጡት አብዛኞቹ በእምነት ስም የቆሰሉ መሆናቸውን፣ አንቺም ማታ ቤትሽ ስትገቢ ከእናትሽ ጋር ቡና ለመጠጣት እንኳ አቅም እንደምታጪ ጽፈሽልኛል። «ሥራ በዝቶብኝ ይሆናል» ብለሽ አለፍሽው። እኔ ግን ከሥራው ብዛት በፊት ሌላ ነገር ታየኝ። አንቺ ራስሽ የምትጾሚ፣ የምታስቀድሺ ሰው ነሽ። በሳምንቱ ቀናት አጥማቂ በመቁጠሪያ የገረፈውን፣ ንስሐ አባቱ ምስጢሩን ያወጣበትን ሰው ታዳምጫለሽ፤ እሑድ ጠዋት ደግሞ ነጠላሽን አጣፍተሽ መስቀል ትሳለሚያለሽ። በቢሮ እምነትሽን፣ በደብርሽ ቁጣሽን ትሸሽጊያለሽ። ያደከመሽ በአብዛኛው ይኸው መሸሸግ ነው።

ስለ ድካሙ ራሱ ብዙ አልልሽም፤ ተምረሽዋል። (የምጠቅስልሽ ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) የሥነ ልቦና ባለሙያው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር በ1974 ስለ በርንአውት ሲጽፍ መነሻው ኒው ዮርክ ውስጥ በነጻ ክሊኒክ የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ልብ በዪ፣ ተሟጠው ያለቁት ሰነፎቹ አልነበሩም፤ ከልባቸው የገቡበት ነበሩ። ክርስቲና ማስላክ በኋላ ሁኔታውን በሦስት ምልክት ገለጸችው፦ ስሜት ተሟጦ ማለቅ፣ የሚያገለግሉትን ሰው እንደ ሰው ማየት መተው፣ «ምን ፈየድኩ?» የሚል ተስፋ መቁረጥ። እኔ የምፈራልሽ ሁለተኛውን ነው። ደንበኛሽ በር ሲያንኳኳ በሆድሽ «ደግሞ መጣ» ማለት የጀመርሽ ዕለት፣ ሳይውል ሳያድር ለምታምኚው ባልደረባ ንገሪ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ይህን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት እንጂ በሽታ አይደለም ብሎ መዝግቦታል፤ ስለዚህ መፍትሔው ከአንቺ ብርታት ይልቅ ከሥራሽ አያያዝ ይፈለጋል።

ወደ መሸሸጉ ልመለስ። አርሊ ሆክሺልድ የምትባል የሶሺዮሎጂ ምሁር በ1983 ባሳተመችው መጽሐፍ የዴልታ አየር መንገድ የበረራ አስተናጋጆችን አጥንታ፣ ያልተሰማቸውን ፈገግታ ቀኑን ሙሉ ማሳየት ምን እንደሚያስከፍላቸው ጻፈች። ከእርሷ በኋላ የተሠሩ ጥናቶችም በሥራ ላይ ስሜትን ደብቆ ሌላ ፊት ማሳየት ከመሟጠጥ ጋር እንደሚያያዝ ደጋግመው አሳይተዋል። አስተናጋጇ ግን ቢያንስ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ፈገግታዋን ትተዋለች። የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪቷ፣ መጋቢው፣ የቄሱ ባለቤት የት ያርፋሉ? ታክሲ ውስጥም፣ ለቅሶ ቤትም፣ ገበያም «አገልጋይ» ናቸው። ውስጣቸው እየተቃጠለ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ይላሉ። ምስጋናው ሐሰት አይደለም፤ ከምስጋናው ጋር «ደክሞኛል» ለማለት ፈቃድ ማጣታቸው ነው የሚገድላቸው። አንቺም ከእነርሱ አንዷ ነሽ።

እንግዲህ «እውነተኛ ሁኚ» ማለት ያለሽን ሁሉ ዘርግፊ ማለት እንዳይመስልሽ። ካርል ሮጀርስ ሃይማኖት በጠበቀበት ቤት አድጎ፣ ኒው ዮርክ በነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ቆይቶ፣ በኋላ ወደ ሥነ ልቦና የተሻገረ ሰው ነው። በ1957 በጻፈው ጽሑፍ መሠረት ከአማካሪ የሚጠበቀው የሚሰማውን ከራሱ አለመደበቁ ነው እንጂ ሁሉን ለደንበኛው መናገሩ አይደለም። ንስሐ አባቱ ምስጢሩን ያወጣበት ሰው ታሪኩን ሲነግርሽ ደምሽ ከፈላ፣ መፍላቱን እወቂው። ለእርሱ የሚጠቅመው ከሆነ በልክ ትነግሪዋለሽ፤ ካልሆነ ይዘሽ ለባልደረባሽ ትወስጂዋለሽ። አንቺ ግን በክፍሉ ውስጥ ምንም እንዳልተሰማሽ ሆነሽ ትቀመጪያለሽ፣ ማታ ደግሞ ነገሩን ስታመላልሺ ታድሪያለሽ።

ደንበኛሽ «አንቺ ታምኛለሽ?» ብሎ ሲጠይቅሽ ርእስ እንደምትቀይሪም ጽፈሻል። አትቀይሪ። አጭርና እውነት የሆነ መልስ ስጪው፦ «አዎን፣ አምናለሁ። ያ ግን የደረሰብህን ከማመን አያግደኝም። ማመኔ አንተን ምን አሰኘህ?» በዚያ ክፍል ውስጥ ሃይማኖተኛ ሆኖ የማይዋሸውን ሰው ሲያይ ምናልባት የመጀመሪያው ይሆናል። እኛ «ሆድ ይፍጀው» እየተባልን ያደግን ነን፤ የሰው ገመና መጠበቅን አልነቅፍም፣ ስንት ትዳርና ስንት ጉርብትና አቁሟል። የራስን ቁጣ ከራስ መሸሸግ ግን ገመና መጠበቅ አይደለም።

ወደሚመጡልሽ ሰዎች ልለፍ። ማርሊን ዊኔል የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ የጴንጤቆስጤ ሚሲዮናውያን ልጅ፣ በ2011 ለሃይማኖት ቁስል ራሱን የቻለ ስም አወጣችለት። በምርመራ መጻሕፍት ውስጥ እንደ በሽታ አልሰፈረም። ያም ቢሆን የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከ1994 ጀምሮ «ሃይማኖታዊ ወይም መንፈሳዊ ችግር» የሚል ርእስ በመመሪያው አስገብቷል። በ2001 ደግሞ ኬኔት ፓርጋመንትና ባልደረቦቹ ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ወደ 600 የሚጠጉ ሆስፒታል የተኙ ሕመምተኞችን ተከታትለው ውጤቱን አሳተሙ። «እግዚአብሔር ትቶኛል» እያሉ የሚታገሉት በሁለት ዓመት ውስጥ የመሞት ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ይህን ይዘሽ፣ የሚመጣልሽን ሰው በጥቅስ ልትረቺው አትሞክሪ። የያዘው ክርክር አይደለም።

የእኛ አገር ደግሞ የራሱ ክብደት አለው። የውጭ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የሚያወሩት ጉባኤውን ጥሎ ስለወጣ ሰው ነው። የእኛ ሰው ወዴት ይወጣል? ክርስትናው፣ ሠርጉ፣ ማኅበሩ፣ ሰንበቴው፣ የእናቱ መቃብር እዚያው ነው። ሌሊት ድምፅ ማጉያው መኝታው ድረስ ይገባል፤ ዕጣኑ ከጎረቤት ይሸታል። በመስጊድ ያደገው፣ በጸሎት ቤት ያደገችውም እንደዚያው ናቸው። በመድረክ ላይ «ጋኔን ወጣላት» ተብሎ ቪዲዮዋ ዩቲዩብ ላይ የተለቀቀባት ልጅ፣ መልኳን የሚያውቅ ሰው ታክሲ ውስጥ ይገጥማታል። እነዚህ ሰዎች ከቁስላቸው ጋር በአንድ ግቢ ይኖራሉ።

ለዚህ ነው የሥነ አእምሮ ሐኪሟን የጁዲት ኸርማንን የፈውስ ቅደም ተከተል አጥብቀሽ እንድትይዢ የምለምንሽ። በ1992 በጻፈችው መጽሐፍ መጀመሪያ ደኅንነት፣ ከዚያ የሆነውን ማስታወስና ማዘን፣ ከዚያ ወደ ሰው መመለስ ትላለች። ወጣት አማካሪዎች ሁለተኛው ላይ መዝለል ይወዳሉ፣ ታሪኩ እዚያ ስላለ። ለእኛ ሰው ደኅንነት ማለት የአክስቱ ተዝካር ሲደርስ በር አጠገብ መቀመጥ፣ የሚያምነውን ጓደኛ ይዞ መሄድ፣ ሲከብደው ተነሥቶ የሚወጣበትን ሰበብ አስቀድሞ ማሰናዳት ነው። ለዚያች ልጅ ደግሞ ቪዲዮው እንዲወርድ አብሮ ማመልከት። ጥቃቅን ይመስላል። ለእነርሱ ግን በገዛ አካላቸውና በገዛ ስማቸው ላይ ማዘዝ የሚጀምሩት ከዚህ ነው።

የሚመጣልሽን ሰው ከእምነቱ አታስወጪው፣ ወደ እምነቱም አትመልሺው። ሁለቱም በእርሱ ላይ እንደገና መወሰን ነው፤ ያቆሰለው ሰውም ያደረገው ያንኑ ነበር። ጸበል መሄድ የሚፈልግ ይሂድ፤ መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ2007 ጸበልንና የኤችአይቪ መድኃኒትን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረው ነበር። ቤተሰብ «መድኃኒት እምነት ማጉደል ነው» ብሎ ሲያስጨንቀው ይህን አስታውሽው፤ ከአንቺ ቃል ይልቅ የእርሳቸው ይሰማል።

ለአንቺ ለራስሽ ደግሞ ኤልያስን አስቢ። ነቢዩ በምድረ በዳ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ሲለምን መልአኩ አልገሠጸውም፣ እምነትህ የት አለ አላለውም። እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ በላ፣ ጠጣ፣ ተኛ፤ እንደገና ቀስቅሶ አበላው። የአምላክ ድምፅ ወደ እርሱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንቺ እንቅልፍሽን እንደ ስንፍና፣ ዕረፍትሽን እንደ ክህደት እንድትቆጥሪ ማን አስተማረሽ? መጽሐፉ አይደለም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊልኝ። በእምነት ስም የቆሰሉ ደንበኞችሽን በአንድ ቀን አታከማቺ፤ ከሌሎቹ ጋር ቀላቅያቸው። በቀጠሮና በቀጠሮ መካከል ወጥተሽ በእግርሽ ዞር በዪ። በሰንበት ትምህርት ቤት የያዝሽውን ኃላፊነት ለጊዜው አስረክቢ፤ ምክንያቱን ከጠየቁሽ «ደክሞኛል» በያቸው፣ ሌላ ሰበብ አትፍጠሪ። በየሳምንቱ ቋሚ ሰዓት ይዞ አንቺን የሚያዳምጥ፣ በሙያው የሸመገለ ሰው ፈልጊ፤ ከደብርሽ ባይሆን ይሻላል። ክፍያው ካስቸገረሽ ሳታፍሪ ንገሪኝ፣ የሚቀበሉሽን አውቃለሁ። የመጀመሪያ ቀን ስትሄጂም ስለ ደንበኞችሽ አትጀምሪ። ስለዚያ እሑድ ጠዋት፣ መስቀሉን ስትሳለሚ በውስጥሽ ስለሚነሣው ነገር ንገሪው።