ቆማ የከረመች መኪና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፤ የዚህ ጽሑፍ መነሻ በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 12 የሚገኘው የንጉሡ የኢዮአስ ታሪክ ነው። ምሳሌ የማደርገው ግን ብዙዎቻችሁ የማትጠብቁትን ነገር ነው፤ ይኸውም ለብዙ ዓመታት ተጥላ የኖረችን አሮጌ የእንግሊዝ የስፖርት መኪና እንደ ገና የማስነሣት ሥራ ነው። ጌታችን ስለ መንግሥቱ ሲያስተምር እርሾንና የዓሣ መረብን ምሳሌ አድርጓል። እንግዲህ ጋራዥም ለሚያስተውል ሰው የሚያስተምረው ነገር አያጣም።

ኢዮአስ የእግዚአብሔር ቤት እንዲታደስ አዝዞ ነበር። ነገር ግን እስከ ነገሠ 23ኛ ዓመት ድረስ የቤቱ ፍራሽ አልተጠገነም። ገንዘቡ ይገባ ነበር፤ ካህናቱም በየተራቸው ያገለግሉ ነበር፤ ፍራሹ ግን እንዳለ ቆየ። በመጨረሻ ካህኑ ዮዳሄ ሣጥን ወስዶ ክዳኑን ነደለና ከመሠዊያው አጠገብ አኖረው። የተሰበሰበውም ገንዘብ ለአናጢዎች፣ ለግንበኞችና ለድንጋይ ጠራቢዎች ተሰጠ። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። በዚያ ገንዘብ የብር ጽዋም ሆነ መለከት አልተሠራም፤ ፍራሹ ቀደመ። በ2ኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 24 እንደምናነበው የብርና የወርቅ ዕቃው የተሠራው ጥገናው ካለቀ በኋላ በተረፈው ገንዘብ ነው። የዛሬው ትምህርታችን በዚህ ቅደም ተከተል ላይ ያርፋል።

አገራችንና አሮጌ መኪና የቆየ ወዳጅነት አላቸው። በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰችው የመጀመሪያዋ መኪና ራሷ የእንግሊዝ ሥራ ነበረች። ቤድ ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ ለበቅሎና ለግመል እንጂ ለመኪና የተሠራ መንገድ ባልነበረበት ዘመን፣ ሲድሊ የምትባለውን መኪና አፄ ምኒልክ ፊት አደረሳት። ከዚያ ወዲህ መኪና በቀላሉ የማይጣልበት አገር ሆነናል። የሐረር ታክሲዎች የሆኑት ፔጆ 404ዎች ፋብሪካው ማምረቱን ካቆመ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሰው አመላልሰዋል። የጠፋ ዕቃ የሚፈልግ ሰው ወደ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይወርዳል። በእኛም በባቱ ከሞጆ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ዳር ባሉት ጋራዦች የእጅ ባለሙያዎች ዕድሜያቸውን ያልጨረሱ መኪኖችን በየቀኑ ያስነሣሉ።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ አሮጌ የስፖርት መኪናዎችን ማስነሣት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ከእነዚህም ስሟ የታወቀው ኤም ጂ ቢ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 በኦክስፎርድ አጠገብ ባለችው በአቢንግደን ከተማ ከ500,000 በላይ ተሠርታለች። ዝቅ ያለች፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ ጣራዋ በሸራ የሚከፈት ናት። ብዙዎቹ ባለቤታቸው ሲያረጅ ወይም ገንዘብ ሲያጥር በየጎተራው ቆመው ቀርተዋል። እንዲህ ያለችውን ለማስነሣት የሚከተለውን ሥርዓት ተመልከቱ።

አንደኛ፤ ቁልፍ ለማዞር አይቸኮልም። ብዙ ዘመን በቆመ ሞተር ውስጥ የፒስተኑ ቀለበቶች ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር በዝገት ተያይዘው ሊሆን ይችላል። አዲስ ባትሪ አስሮ በሞተሪኖ ለማስነሣት የሚቸኩል ሰው ቀለበቱን ይሰብራል፣ ግድግዳውንም ይጭራል፤ ሊድን የነበረው ሞተር በአንድ ደቂቃ ይበላሻል። አዋቂ መካኒክ አራቱን ካንዴላዎች ይፈታል፣ በየቀዳዳው ጥቂት ዘይት ያንጠባጥባል፣ ለቀናትም ይተወዋል። ከዚያ በኋላ ሞተሩን በመፍቻ በእጁ ቀስ አድርጎ ያዞረዋል። ከመካከላችን ርቆ የከረመ ወንድም አንድ እሑድ በር ላይ ሲታይ በሰው ሁሉ ፊት «የት ጠፍተህ ከረምህ?» ማለት፣ ወይም «የሚመጣው እሑድ መዝሙር ትመራለህ» ማለት ቁልፍ ማዞር ነው። እርሱን በዚያ ቀን የሚያስፈልገው አጠገቡ የሚቀመጥና እስከ ቤቱ የሚሸኘው ሰው ነው። ዘይቱ ይህ ነው።

ሁለተኛ፤ አሮጌው ነዳጅ ይወጣል። ቤንዚን ሲቆይ ቀላሉ ክፍል ይተንና የቀረው እንደ ሙጫ ይሆናል፤ የካርቡራተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ታንኩም ከውስጥ ይዝጋል። በላዩ አዲስ ቤንዚን ቢጨመርበት ዝገቱን ጠርጎ ወደ ሞተሩ ይወስደዋል። ስለዚህ ታንኩ ወርዶ ይታጠባል፣ ካርቡራተሩም ተፈትቶ ይጠረጋል። ቂም በልብ ተቀምጦ አዲስ መዝሙር ቢጨመርበት የሚሆነው እንዲሁ ነው። ንስሐ ማለት ለውርደት የተዘጋጀ ነገር እንዳልሆነ ወጣቶች አጥብቀን እንወቅ። ንስሐ ታንክ ማጠብ ነው፤ አዲሱ ነዳጅ እንዳይበላሽ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው።

ሦስተኛ፤ የእያንዳንዷ መኪና አሠራር ይታወቃል። ዛሬ በመንገድ የምናያቸው መኪኖች የባትሪያቸው ኔጋቲቭ ከአካላቸው ጋር የታሰረ ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 1967 ገደማ የተሠሩት ኤም ጂ ቢዎች ግን የተገላቢጦሽ ናቸው፤ ከአካሉ ጋር የታሰረው ፖዘቲቩ ነው። ይህን ሳያይ በልማድ የሚያስር ሰው የኤሌክትሪክ ዕቃውን ሊያቃጥል ይችላል። ከመካከላችን የራቁትንም ሁሉ በአንድ ሽቦ አንሰር። ከሰንበት ትምህርት ቤት የቀረ ሁሉ በክፋት አልቀረም። አንዱን የአበባ እርሻው የሥራ ተራ እሑድን ነሥቶታል፤ ሌላው ለቤቱ ኪራይ ሲል ባጃጁን ማቆም አልቻለም፤ አንዷ የታመመች እናቷን ታስታምማለች፤ አንዱም በሰማው ክፉ ቃል ተቀይሟል። ለተቀየመው የሚነገረው ለደከመው ቢነገር ይጎዳዋል። ጌታችን ቶማስን ቁስሉን እንዲዳስስ ፈቀደለት፤ ጴጥሮስን ደግሞ ሦስት ጊዜ ጠየቀው። ሁለቱንም መለሳቸው፤ መንገዳቸው ግን ለየብቻ ነበር።

አራተኛ፤ ዝገት በስቱኮ አይሸፈንም። ላንድሮቨር ላሜራው ቢጎዳ የሚሸከመው ቻሲስ ለብቻው አለው። ኤም ጂ ቢ ግን የተለየ ቻሲስ የላትም፤ አካሏ ራሱ ተሸካሚ ነው፤ ከበሮቹ በታች ያሉት ውስጠ ባዶ የላሜራ ሣጥኖች ክብደቷን ይይዛሉ። እነዚህ ከውስጥ ሲበሉ ሻጩ ቀዳዳውን በስቱኮ ሞልቶ ቀለም ይቀባዋል፤ ለዓይን ታበራለች። አዋቂ ገዢ ግን ማግኔት ይዞ ይመጣል፤ ማግኔት ብረት ይይዛል፣ ስቱኮ ላይ አይጣበቅም። ነቢዩ ኤርምያስ የሕዝቡን ስብራት በጥቂቱ የፈወሱትን፣ ሰላም ሳይኖር ሰላም ነው ያሉትን ሲወቅስ የተናገረው ይህን ነው። ዮዳሄም ከመለከቱ በፊት ፍራሹን ያስጠገነው ስለዚህ ነው። ነጭ ነጠላና ከበሮ መልካም ናቸው፤ ግን ተሸካሚው ክፍል በልቶ እንደ ሆነ ቀድሞ እርሱ ይበየድ።

አምስተኛ፤ ፍሬን ከሞተር ይቀድማል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ መኪናዋ ስትቆም ሲሊንደሮቹ ከውስጥ ይዝጋሉ፣ የጎማ ቱቦዎቹም ከጊዜ ብዛት ይሰነጠቃሉ። ሞተሩ ተነሥቶ ሲጮኽ ሁሉም ደስ ይለዋል፤ ነገር ግን መቆም የማትችል መኪና ከሞተችው የባሰች ናት። አዲስ ቅንዓት የያዘው ወጣትም እንዲሁ ነው። ትናንት ተመልሶ ዛሬ ሁሉን የሚገሥጽ፣ ቀኑን ሙሉ ካልጾምሁ የሚል፣ ትምህርቱንና ወላጆቹን የሚንቅ ወንድም ሞተሩ ተነሥቷል፤ ፍሬኑ ግን አልተሠራም። በንስሐ አባት ምክር መጾም፣ በልክ መናገርና ታዝዞ መማር ለመንፈሳዊ ሕይወት ፍሬን ናቸው።

ውድ አንባቢ፤ «ይህን ሁሉ ድካም ከመድከም ጥሎ ሌላ መግዛት አይሻልም ወይ?» የሚል ይኖራል። መልሱን ከዚያችው መኪና ታሪክ እናገኘዋለን። የአቢንግደን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 ተዘጋ። ነገር ግን ላሜራው ይታተምባቸው የነበሩት የመጀመሪያዎቹ ቅርጾች አልጠፉም ነበር። ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የተባለው ድርጅት ፈልጎ አሰባሰባቸውና እ.ኤ.አ. በ1988 የኤም ጂ ቢን አካል በጥንቱ ቅርጽ እንደ ገና መሥራት ጀመረ። አካሏ በዝገት ያለቀ መኪና ሞተሯንና ዕቃዋን ይዛ በቀድሞው መልኳ ተነሣች። ቅርጹ ካለ ተስፋ አለ።

ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ ለአገራችን የሾመው ቅዱስ አትናቴዎስ ስለ ቃል ሥጋ መሆን በጻፈው መጽሐፉ የሚሰጠው ምሳሌ ከዚህ ጋር ይስማማል። በሰሌዳ ላይ የተሣለ የሰው መልክ በእድፍ ቢጠፋ ሰሌዳው አይጣልም፤ ባለ መልኩ ራሱ ተመልሶ ይመጣና በዚያው ሰሌዳ ላይ መልኩ ይታደሳል። ክርስቶስም በአምሳሉ የፈጠረውን ሰው አልጣለም፤ ባለ መልኩ ራሱ መጣ። እንግዲህ ጌታ ሊያድሰው የመጣበትን ሰሌዳ እኛ «ይህስ አይረባም» ብለን እንዴት እንጥላለን?

ሌላም ነገር ልጨምር። ዘንድሮ ከመካከላችን ወደ አዳማ፣ ወደ ጅማና ወደ ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሄዱ አሉ። መኪና ብዙ ጊዜ እንድትቆም ካስፈለገ ባለቤቷ ነዳጁን አውጥቶ፣ ባትሪውን ፈትቶ፣ ጎማዎቿን ከመሬት አንሥቶና ሸፍኗት ካስቀመጣት በቀላሉ ትነሣለች። ማስቀመጥና መጣል ይለያያሉ። በፊታችን ባለው በደንበል ሐይቅ ላይ ቱሉ ጉዶ ደሴትን ተመልከቱ። አበው እንደሚነግሩን በዮዲት ዘመን ከአክሱም የመጡ ካህናት ታቦቱንና መጻሕፍቱን በዚያ በደብረ ጽዮን አኖሩ፤ ሰላም ሲሆን ታቦቱ ወደ አክሱም ተመለሰ። በስደት ላይ ነበር፤ ግን ተጠብቆ ነበር። ተማሪ ወንድሜና እኅቴ ሆይ፤ በዶርም የምታደርሱት አጭር የጠዋት ጸሎትና በወር አንድ ጊዜ ለንስሐ አባታችሁ የምትደውሉት ስልክ ያንን ጥበቃ ይሆንላችኋል።

እንግዲህ ሥራው ይህ ነው። በመዝገባችን ላይ ስማቸው ተጽፎ ወንበራቸው ባዶ የሆነ ብዙዎች አሉ። ከመካከላችን ሁለት ሁለት ሆነን አንድ አንድ ስም እንውሰድ። መጀመሪያ ስለ ስሙ እንጸልይ። ቀጥሎ ወደ ቤቱ እንሂድ፤ በዚያ ቀን ስለ መቅረቱ አንጠይቅ፤ የእናቱን ቡና ጠጥተን እንመለስ። እሑድ ሥራ ላይ የሚውለው ሰው ካለ ከሥራ በሚወጣበት ማታ እርሱ ባለበት ትምህርቱን እናድርስለት። የተቀየመ ካለ የተቀየመበትን ሰው ይዘን እናስታርቅ። ወደ ጉባኤ በተመለሰ ጊዜም ቦታውን ብቻ እናሳየው፤ አገልግሎቱ በጊዜው ይመጣል።

በዮዳሄ ዘመን ሠራተኞቹ በታማኝነት ይሠሩ ስለ ነበር የሂሳብ ቁጥጥር አላስፈለጋቸውም ነበር። ስማቸው በመጽሐፍ አልተመዘገበም፤ ፍራሹ ግን ተጠግኗል። እኛንም ለወንድሞቻችን እንዲህ ያሉ ታማኝ ሠራተኞች እንድንሆን አምላካችን ይርዳን፤ የራቁትንም በሰላም ይመልስልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።